አንድ ኮምፒውተር፣ ሁለት ኪቦርድ፦ የድሮ የመኪና ጌሞችን ጎን ለጎን ተቀምጦ ለመጫወት ያየሁት ውጣ ውረድ

ልጄን በ2015 ዓ.ም ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ባጃጅ ገጨውና የቀኝ እግሩ ቅልጥም ተሰበረ። አሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር። ከሆስፒታል ስንመለስ እግሩ ከጣቱ እስከ ታፋው ጀሶ ውስጥ ነበር፤ ሐኪሙም ለአሥር ሳምንት ያህል መሬት እንዳይረግጥበት አጥብቆ ነገረን። ያን ክረምት ባሕር ዳር ያሳለፈ ሰው የቀረውን አይጠይቀኝም። የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጧል፣ ሲመሽ ከቤት መውጣት የለም፣ ከጣና በኩል የሚመጣው ዝናብ ደግሞ መብራቱን ይዞት ይሄዳል። ፔዳ አካባቢ ያለችኝን የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ዘግቼ ኮምፒውተሩን ሽምብጥ ወዳለው ቤታችን አመጣሁት።

ከስብራቱ ይልቅ እኔን ያስጨነቀኝ የልጁ ዝምታ ነበር። ቀኑን ሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይተኛል። ጓደኞቹ በመጀመሪያው ሳምንት ሙዝ ይዘው መጡ፣ ጀሶው ላይ ስማቸውን ጻፉ፣ ከዚያ ጠፉ። አልፈርድባቸውም፤ አልጋ ዳር ቁጭ ብሎ ማስታመም ለልጅ ከባድ ነው። አንዱ ብቻ ከድባንቄ ሰፈር በእግሩ እየመጣ አጠገቡ ይቀመጥ ነበር። ስልካቸው ላይ ያሉት ጌሞች ኢንተርኔት ስለሚጠይቁ ሁለቱም የሚያደርጉት ያጣሉ። አንድ ቀን ያ ልጅ ጥግ ላይ የቆመውን ሲፒዩ አየና «እትዬ፣ ይሄ የመኪና ጌም ለሁለት ያጫውታል?» አለኝ። ልጄ ከግድግዳው ዘወር አለ። ያን ሳይ፣ ምንም ሳላውቅ «አዎ፣ ያጫውታል» አልኩ።

ያቺን «አዎ» እውነት ለማድረግ ሁለት ወር ያህል ፈጀብኝ። የታመመ ልጅ ወይም ወንድም ቤት ያለው፣ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ብቻ ያለው፣ ኢንተርኔት በፈለገ ጊዜ የማያገኝ ሰው እኔ የባከንኩትን ያህል እንዳይባክን ነው የምጽፈው።

ኮምፒውተሩ ኮር አይ 3 ነው፤ 4 ጊጋ ራም፣ ዊንዶውስ 10፣ የተለየ ግራፊክስ ካርድ የለውም። ለድሮ ጌም ይበቃል።

የመጀመሪያው ስህተቴ ጌሙን በስሙ መምረጤ ነው። ልጆቹ የሚያውቁትን ስም ጠሩልኝ፦ ኒድ ፎር ስፒድ አንደርግራውንድ 2 እና እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ሞስት ዋንትድ። ከአንድ የሰፈር ልጅ በፍላሽ ተገኙ። ግማሽ ቀን ስጭን ዋልኩ። ሁለቱም ያለ ችግር ተከፈቱ፣ መኪናው አማረ፣ ልጄ ትራሱን ተደግፎ ተቀመጠ። ከዚያ «ለሁለት» የሚለውን ፍለጋ ገባን። ሜኑውን ከላይ እስከ ታች አገላበጥነው፤ የለም። የድባንቄው ልጅ «እኔ ጌም ቤት ለሁለት ተጫውቼዋለሁ፣ በማርያም!» እያለ ማለ። እውነቱን ነበር። በፕሌይስቴሽን 2 የሚወጣው ቅጂ ስክሪኑን ለሁለት ከፍሎ ያጫውታል፣ ስፕሊት ስክሪን የሚሉት ይህንን ነው፤ የኮምፒውተሩ ቅጂ ግን ሌላ ተጫዋች የሚያገናኘው በኔትወርክ ብቻ ነው። ኮምፒውተር የአንድ ሰው ዕቃ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ፣ ብዙ ጌሞች ወደ ኮምፒውተር ሲመጡ ስፕሊት ስክሪናቸውን እዚያው ጥለውት ይመጣሉ።

ስለዚህ ጌም ከመጫናችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ የኮምፒውተሩ ቅጂ ራሱ ስፕሊት ስክሪን አለው ወይ? «ሁለት ሰው ያጫውታል» የሚለው መልስ አይበቃም። ላን ከተባለ በኔትወርክ የተገናኙ ሁለት ኮምፒውተሮች ያስፈልጋሉ። ሆት ሲት ከተባለ ደግሞ በየተራ ነው፤ አንዱ ይነዳል፣ ሌላው ያያል። ፍላትአውት 2 በኮምፒውተር ላይ ያለው የጋራ መጫወቻ እንዲህ በተራ ነው። በተራ መጫወት ለጤነኛ ልጅ ጥሩ ሊሆን ይችላል። ተኝቶ ሰው ሲያይ ለሚውል ልጅ ግን ያው ማየት ነው።

የዚያ ፍላሽ ጣጣ በዚህ አላበቃም። በማግስቱ የተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ የማስቀምጥበትን የራሴን ፍላሽ ስሰካ ፎልደሮቹ በሙሉ ወደ ሾርትከት ተለውጠው አገኘኋቸው። የሰው ልጅ የዓመት ልፋት በእጄ ጠፋ ብዬ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አዲስ አበባ ያለው ታናሽ ወንድሜ በኮምፒውተር ነገር ጎበዝ ነው፤ ደወልኩለት። «እታለም፣ አልጠፋም፤ ቫይረሱ ደብቆት ነው። እነዚያን ሾርትከቶች ብቻ እንዳትከፍቻቸው» አለኝና፣ ኮማንድ ፕሮምፕት አስከፍቶ አትሪብ የሚባለውን ትዕዛዝ ፊደል በፊደል በስልክ አስጻፈኝ። ፋይሎቹ አንድ በአንድ ተመለሱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሥራ ፋይል በሌላ ዲስክ ላይ ሳልገለብጥ፣ የመጣውንም ፍላሽ ስካን ሳላደርግ ምንም ነገር አልከፍትም። እናንተም የጌም ፍላሽ የሥራ ኮምፒውተር ላይ ከመሰካታችሁ በፊት ይህን አድርጉ።

ትክክለኛውን ጌም ያስታወሰኝም ይኸው ስልክ ነው። ፖሊ ቴክኒክ ስማር ልጆቹ ኮምፒውተር ላብ ውስጥ አምሽተው፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ በአንድ ኪቦርድ የሚጋጩበት አንድ የመኪና ጌም ነበር። ገና መግለጽ ስጀምር ወንድሜ «ኒድ ፎር ስፒድ 3 ነዋ! ሆት ፐርሱት! ሲዲው አሁንም አለኝ» አለ። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ ነው፤ የኮምፒውተሩ ቅጂ ስፕሊት ስክሪን አለው። ከእሱ በፊት በ1997 የወጣው ሁለተኛውም አለው። የሚገርመው፣ በዚህ ነገር አሮጌዎቹ ከተከታዮቻቸው ይሻላሉ።

ወንድሜ የሲዲውን ይዘት በፍላሽ ገልብጦ ወደ ባሕር ዳር በሚመጣ ሰው እጅ ላከልኝ። እዚህ ላይ ሁለተኛውን ስህተት ሠራሁ፤ የጠየቅሁት ጌሙን ብቻ ነበር። ስጭነው ዊንዶውስ «ይህ ፕሮግራም በዚህ ኮምፒውተር ላይ አይሠራም» አለኝ። ምክንያቱን በኋላ ነው ያወቅሁት። የዚያን ዘመን ብዙ ጌሞች እነሱ ራሳቸው ባለ 32 ቢት ሆነው፣ የመጫኛ ፋይላቸው ግን ባለ 16 ቢት ነው፤ ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ደግሞ ባለ 16 ቢት ፕሮግራም ፈጽሞ አይከፍትም። ጌሙ ጤነኛ ነው፣ የተዘጋው በሩ ነው። የጌሙ ወዳጆች ለዚህ ለሦስተኛው የሠሩት ሞደርን ፓች የሚባል ማሻሻያ ይህን በር አልፎ ያስገባል፤ በአዲስ ዊንዶውስና በሰፊ ስክሪን ላይም እንዲሠራ ያደርገዋል። ግን ፓቹ አዲስ አበባ ነው፣ እኔ ባሕር ዳር ነኝ። መንገደኛ እስኪገኝ ሁለት ሳምንት ጠበቅን። ልጄም ወደ ግድግዳው ተመለሰ።

ያቺ ሁለት ሳምንት እስካሁን ትቆጨኛለች። እንደኔ በሰው እጅ የምታስመጡ ከሆነ አንዴ ብቻ ጠይቁ፣ ሙሉውን ጠይቁ። ከጌሙ ጋር የጌሙ ፓች ይምጣ። ጌሞች ሥዕልና ድምፅ ለማውጣት የሚጠቀሙበት የዳይሬክት ኤክስ፣ እ.ኤ.አ. የሰኔ 2010 ሙሉ ጥቅሉ ይምጣ፤ 95 ሜጋ ያህል ነው። ከ2005 እስከ 2010 የወጡ ጌሞች የሚጠይቋቸው ዲኤልኤል የሚባሉ አጋዥ ፋይሎች ዊንዶውስ 10 ላይ በሙሉ የሉም፤ ይህ ጥቅል ያለ ኢንተርኔት ይሞላቸዋል። ለ1990ዎቹ ጌሞች ዲጂ ቩዱ 2 ይምጣ፤ በድሮ ግራፊክስ ቋንቋ የሚናገረውን ጌም አሁን ያለው ካርድ በሚገባው የሚተረጉም ትንሽ ፕሮግራም ነው፣ የቆዩትን ዳይሬክት ኤክሶችና የድሮዎቹ የ3ዲኤፍኤክስ ካርዶች ቋንቋ የነበረውን ግላይድ ይይዛል። ርካሽ ጆይስቲክ ካላችሁ ደግሞ ከዚህ በታች የምነግራችሁ ኤክስ 360 ሲኢ ይጨመር። ዳይሬክት ፕሌይ የሚባለውን የድሮ ጌሞች የኔትወርክ መገናኛ ከተጠየቃችሁ ግን ከማንም አታስመጡ፤ ዊንዶውስ ውስጥ ከቆዩ ክፍሎች ዝርዝር ላይ ምልክት አድርጎ ማብራት ነው።

ሲዲ ያላቸው ሰዎች አንድ ነገር ይወቁ። ኦሪጅናል ሲዲ ሆኖም እንቢ የሚል ጌም አለ። ሴፍዲስክ የሚባለው የድሮ የቅጂ መከላከያ ዊንዶውስ 10 ውስጥ ቦታ የለውም፤ ማይክሮሶፍት ለደኅንነት ሲል አስወጥቶታል። ሲዲው ተበላሽቷል ብላችሁ በጨርቅ እየወለወላችሁ አትድከሙ። ጌሞቹንም ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ አታስቀምጡ፤ ዲስክ ዲ ላይ ለብቻው ፎልደር ክፈቱላቸው። የድሮ ጌም ውጤቱን የሚጽፈው እዚያው አጠገቡ ስለሆነ፣ ዊንዶውስ በሚጠብቀው ፎልደር ውስጥ ሲሆን የተጫወታችሁት የት እንደገባ ይጠፋባችኋል።

ፓቹ በመጣ ቀን ማታ ዝናብ ነበር። ጌሙ ተከፈተ፣ ስክሪኑ ከላይና ከታች ለሁለት ተከፈለ፣ ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ቆሙ። ሁለቱ ልጆች በአንድ ጊዜ ጮኹ። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ልቤ ሞላ። አምስት ደቂቃ አልቆየም፤ ጩኸቱ ወደ ጠብ ተለወጠ።

«አንተ ነህ ሆን ብለህ የያዝከው!»

«አልነካሁም! እማ ሙት አልነካሁም!»

አንዱ ነዳጅ እየሰጠ ሲታጠፍ የሌላው መኪና ቀጥ ይላል። ሁለቱም ሲታጠፉ የአንዱ መሪ አይሠራም። ልጄ «ደካማ ነኝ ብሎ ነው» አለና ኪቦርዱን ገፍቶት ተኛ። የድባንቄው ልጅ እያለቀሰ ሊሄድ ተነሣ፤ ያን ዝናብ አባርቶ ይሂድ ብዬ በግድ አስቀመጥኩት። ስንት ሳምንት ጠብቀን አንድ ማታ እንኳ ሳንጫወት ሊያልቅ ሆነ።

ልጆቹ ከተኙ በኋላ እኔው ኪቦርዱ ላይ ተቀመጥኩ። ኪቦርድ የእንጀራዬ ዕቃ ነው፤ በቀን ብዙ ሺህ ፊደል እመታበታለሁ። ሲጻፍ ግን ፊደል አንድ በአንድ ነው የሚመታው፤ አራት ቁልፍ አንድ ላይ ይዤ አላውቅም። ኖትፓድ ከፈትኩና ደብልዩና ዲን በግራ እጄ ይዤ፣ በቀኝ እጄ አይንና ኤልን ተጫንኩ። አንዱ ፊደል አልመጣም። ቁልፎቹን ቀያየርኩ፤ አሁን ሌላው ቀረ። ልጆቹ ሁለቱም እውነታቸውን ነበር፤ የዋሸው ኪቦርዱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ርካሽ ኪቦርድ ውስጥ ለእያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ሽቦ የለውም። ቁልፎቹ እንደ መረብ በአግድምና በቁመት መስመሮች ላይ ነው የተቀመጡት። ሦስት ቁልፎች የአንድ አራት ማዕዘን ሦስት ጥግ ላይ ሆነው አብረው ከተያዙ ኪቦርዱ አራተኛው ጥግም የተነካ ይመስለዋል፤ እንዳይሳሳት ሲል አንዱን ይውጠዋል። ለአንድ ሰው ብዙም አይታወቅም። ሁለት ሰው ሲጫወት ግን በየመታጠፊያው ይከሰታል።

የመጀመሪያው መፍትሔ ቁልፍ መቀየር ነበር። ሺፍት፣ ኮንትሮልና ኦልት ብዙ ጊዜ ከመረቡ ተለይተው ስለሚሠሩ፣ የማይለቀቀውን ቁልፍ፣ ማለትም ነዳጁን፣ እነሱ ላይ አደረግሁት። ለአንዱ የግራ ሺፍት፣ ለሌላው የቀኝ ሺፍት። ጠዋት ልጆቹን አስታርቄ አስጀመርኳቸው። እውነትም መሪው ሠራ። ግን ውድድሩ መሃል ላይ ጌሙ ተዘግቶ የዊንዶውስ መልእክት ብቅ አለ። ሺፍት አምስት ጊዜ በተከታታይ ከተመታ ስቲኪ ኪይስ፣ የቀኝ ሺፍት ስምንት ሴኮንድ ከተያዘ ደግሞ ፊልተር ኪይስ የሚባል ነገር ይጠይቃል። ነዳጅ ደግሞ ከስምንት ሴኮንድ በላይ የማይያዝበት ውድድር የት አለ? ሁለቱንም ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ፣ ኢዝ ኦፍ አክሰስ ከሚለው ሥር ኪቦርድ ላይ አጥፏቸው። ጌም ከመጀመሩ በፊት አጥፏቸው፤ ልጅ ሊያሸንፍ ሲል የመጣ መልእክት ለሁለት ቀን ያስኮርፋል።

ለውጥ ያመጣው ግን ከዚህ ቀላል ነገር ነው። ሱቅ ውስጥ ክብ መሰኪያ ያለው አሮጌ ኪቦርድ ነበረኝ፤ ሻይ ፈስሶበት ሁለት የቁጥር ቁልፉ ስለማይሠራ ጥዬው ነበር። ሌላ ነገር ልፈልግ ሄጄ አየሁትና «ሁለቱንም ብሰካቸውስ?» ብዬ አመጣሁት። ዊንዶውስ ሁለት ኪቦርድ ሲሰካ ሁለቱንም እንደ አንድ ነው የሚቀበላቸው። መረባቸው ግን ለየብቻ ነው፤ የአንዱ ቁልፍ የሌላውን አይውጥም። ለአንዱ ደብልዩ፣ ኤ፣ ኤስ፣ ዲ፤ ለሌላው ቀስቶቹ። አለቀ። ምንም ፕሮግራም አልፈለገም፣ ሳንቲም አላስወጣም። ክብ መሰኪያ ያለውን ስትሰኩ ብቻ ኮምፒውተሩን መጀመሪያ አጥፉት፤ እንደ ዩኤስቢ በርቶ እያለ አይሰካም።

ሌላም ያላሰብኩት ነገር አመጣ። እስከዚያ ቀን ልጄ ለመጫወት ከአልጋው ወርዶ ጀሶውን ዱካ ላይ ዘርግቶ፣ ከጓደኛው ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ መቀመጥ ነበረበት፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ያመዋል። አሁን የራሱን ኪቦርድ ሆዱ ላይ አድርጎ፣ እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ ተኝቶ ይጫወታል። ሁለተኛው ኪቦርድ የመጣ ቀን ልጄ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ እግሩ አንዲት ቃል አልተናገረም። እኔ መሪው ይያዝልን እንጂ ሌላ ነገር አልተመኘሁም ነበር።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ፈጠነ። የጠፉት ጓደኞቹ ወሬውን ሰምተው ተመለሱ፤ በሦስተኛው ቅዳሜ አምስት ልጆች ቤት ሞሉ። ጆይስቲክ አስፈለገ። በአንድ ዩኤስቢ ሁለት ሆኖ የሚሸጠውን ርካሹን ገዛሁ። ለድሮዎቹ ጌሞች በጣም ጥሩ ነው። እያንዳንዱን ለብቻው እንዲያውቁት ከስታርት ላይ የጌም ኮንትሮለር ማስተካከያውን ፈልጉና እዚያ ውስጥ ሞክሩት፤ ሁለት ስም ከታየ ደኅና ነው። መሪው ጥግ ለጥግ ብቻ የሚዘል ከሆነ መሃል ላይ ያለችውን አናሎግ የምትል ቁልፍ ተጫኑ፤ ቀይ መብራት ሲበራ መሪው ለስለስ ይላል። የእኛ ቀይ መብራት እስኪበራ ድረስ አንድ ሳምንት «ዕቃው የተበላሸ ነው» እያልኩ ነጋዴውን በከንቱ ስወቅሰው ነበር።

አዲስ ጌም ላይ ግን ይኸው ጆይስቲክ አልታወቅም አለ። ወንድሜ ብለር የሚባለውን እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ጌም ልኮልን ነበር፤ በኮምፒውተር ላይ እስከ አራት ሰው በአንድ ስክሪን ከሚያጫውቱት ጥቂቶች አንዱ ነው። ችግሩ የዘመን ነው። የድሮ ጌሞችና ርካሽ ጆይስቲኮች የሚነጋገሩት ዳይሬክት ኢንፑት በሚባለው ቋንቋ ነው፤ ከኤክስቦክስ 360 ወዲህ የመጡት ብዙዎቹ ጌሞች ኤክስ ኢንፑት ብቻ ይሰማሉ። ኤክስ 360 ሲኢ ርካሹን ጆይስቲክ የኤክስቦክስ አስመስሎ ያቀርበዋል። የጌሙ ማስነሻ ፋይል ባለበት ፎልደር ውስጥ ይቀመጥና የእያንዳንዱን ጆይስቲክ ቁልፍ አንድ በአንድ ታስተዋውቁታላችሁ። በግልባጩ የኤክስቦክስ ጆይስቲክ ይዞ የድሮ ጌም ላይ የሚጫወት ሰው ሌላ ያጋጥመዋል፦ ነዳጁና ፍሬኑ በሁለቱ ማስፈንጠሪያዎች ላይ ከሆነ የድሮ ጌም ሁለቱን እንደ አንድ መስመር ያያቸዋል፣ አብረው ሲያዙም እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። ነዳጁን ወደ ተራ ቁልፍ ማዛወር ይሻላል።

ብለር ግን ለኛ ኮምፒውተር ከበደው። ስፕሊት ስክሪን ማለት ያንኑ መንገድ ለእያንዳንዱ ተጫዋች እንደገና መሣል ነው፤ ብቻችሁን ስትጫወቱ የሚሮጥ ጌም ለሁለት ሲሆን ይንቀረፈፋል። ጥላውን አጠፋሁ፣ ሬዞሉሽኑን ዝቅ አደረግሁ፣ ለሁለት ሰው ሠራ፤ ለአራት ግን አልሞከርኩትም። የጌሙን ፍጥነት ብቻውን ሆኖ ነድቶ የሚገምት ሰው ይሳሳታል፤ ለሁለት ከፍታችሁ፣ መኪናው የበዛበት ቦታ ላይ ሞክሩት።

ለብዙ ልጅ የተስማሙን ሁለት ናቸው። አንዱ ሱፐርታክስካርት ነው፤ ነፃ ነው፣ ማንም ለማንም ገልብጦ ቢሰጠው ወንጀል የለውም። እያንዳንዱ ልጅ በያዘው ዕቃ ላይ መምረጫዋን ቁልፍ ሲጫን ለብቻው ይገባል፤ ሁለት በኪቦርድ፣ ሁለት በጆይስቲክ ሆነው አራት ይጫወታሉ። ሁለተኛው ሪቮልት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ፣ የሪሞት አሻንጉሊት መኪናዎች በሱፐርማርኬትና በሙዚየም ውስጥ የሚሯሯጡበት ጌም ነው። የመጀመሪያው የኮምፒውተር ቅጂ ስፕሊት ስክሪን የለውም። የጌሙ ወዳጆች እንደገና የሠሩት አርቪጂኤል የሚባለው ግን እስከ አራት ሰው ያጫውታል። የጎረቤታችን ስምንት ዓመት ልጅ «ትልልቆቹ አያስገቡኝም» እያለች በር ላይ ትቆም የነበረችው፣ በዚህኛው ወንዶቹን ትቀድማቸው ጀመር።

ስክሪኑን በተመለከተ ልምከራችሁ። ሰፊ ስክሪን ከላይና ከታች ሲከፈል ለእያንዳንዱ እንደ መቀነት የረዘመች ቀጭን ቁራጭ ነው የምትደርሰው። ባለ 19 ኢንች ሞኒተር ላይ አልጋ ላይ ለተኛ ልጅ አይታይም። እኛ ሳሎን ያለውን ቲቪ በቪጂኤ ገመድ አገናኘነው፤ ድምፅ በዚያ ገመድ ስለማይሄድ ለድምፁ ቀጭኗን ገመድ ለብቻ ሰካን። ቁልፍ ተጭናችሁ መኪናው ዘግይቶ የሚታጠፍ ከመሰላችሁ ቲቪው ሜኑ ውስጥ ጌም ሞድ የሚል ፈልጉ። ልዩነቱ ብዙ ነው።

መብራትን ሳላነሣ አላልፍም፤ አንድ ፓወር ሰፕላይ አቃጥሎብኛል። ነሐሴ ላይ መብራት ሄዶ ሲመለስ አንዳንዴ በኃይል ነው የሚመለሰው፤ ኮምፒውተሩን ሳልነቅል ተውኩትና ሽታው ነው የነገረኝ። አሁን ስታቢላይዘር አለን። መብራት ሲጠፋ ዲቫይደሩን ከግድግዳው ነቅሎ የሚያስቀምጥ ተረኛ ልጅም አለ። ከተመለሰም በኋላ ጥቂት ደቂቃ እንጠብቃለን። ላፕቶፕ ያላችሁ በዚህ ታድላችኋል።

ለወላጆች ደግሞ፦ ተራውን ወረቀት ላይ ጻፉት። «የማን ተራ ነው» የሚለው ጠብ ከኪቦርዱ ጠብ የባሰ ነው። የተሸነፈ ይውጣ የሚለው ሕግ ቤታችን ውስጥ አልሠራም፤ ደካማው ልጅ ሁልጊዜ ተመልካች ይሆናል። በእኛ ቤት ያሸነፈ ነው የሚወጣው። እኔም ተራ አለኝ። መጀመሪያ ላይ ልጆቹ ሰው ሲጎድልባቸው ነበር የሚጠሩኝ፤ ልጄ ከአልጋው ሆኖ «እማ፣ ፍሬኑን ቀድመሽ ያዢ፣ መታጠፊያው ከመድረሱ በፊት!» እያለ አስተማረኝ። ሁለት ወር ሙሉ ምን በልቶ እንደሆነ፣ ያመው እንደሆነ ብቻ ነበር የምጠይቀው። እዚያ መንገድ ላይ ሌላ ወሬ አገኘን።

ጀሶው የወጣው ጥቅምት አጋማሽ ላይ ነው። እግሩ ቀጥኖ ነበር። ክራንቹን ይዞ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጨመርን፣ በኋላ እስከ ጣና ዳር መሄድ ጀመርን። ታንኳ የሚቀዝፉትን ቆመን እያየን «ይሄ ለሁለት ቢሆን ማን ይቀድማል?» ይለኛል።

ሱቁን ስከፍት ኮምፒውተሩን ወደ ፔዳ መለስኩት፤ ሻይ የፈሰሰበትን ኪቦርድም አብሬ ወሰድኩ። ልጆቹም ወደዚያው ተከትለው መጡ። ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የፎቶ ኮፒ ማሽኑን አጠፋለሁ፣ ሁለቱ ኪቦርዶች ይወጣሉ፤ የድባንቄው ልጅ ደግሞ አጠራቅሞ የገዛውን የራሱን ጆይስቲክ በፌስታል ጠቅልሎ ይመጣል።